በሬ፣ አህያ፣ ጋሪ ወይስ ባጃጅ? ዕድሜያቸውን አስልቶ የመግዣ መመሪያ

የአክስቴ ልጅ ኩዌት ነው የምትሠራው። ባለፈው ሰሞን ደወለችና «ጋሼ፣ ለወንድሜ ምን ልግዛለት? እሱ ባጃጅ ይላል፣ እማዬ በሬ ትላለች፤ እኔ መሐል ላይ ግራ ገብቶኛል» አለችኝ። በእጇ ያለው ገንዘብ ወይ ላገለገለ አንድ ባጃጅ፣ ወይ ለአንድ ጥማድ በሬና ለአንዲት አህያ ይሆናል። ሁለቱንም አይችልም። «ብዙ ዓመት የሚቆየውን ብቻ ይንገሩኝ፣ ይበቃኛል» ብላ ዘጋችው።

ይህን መሰል ጥያቄ ከሪያድም፣ ከቤሩትም፣ ከዋሽንግተንም ስለሚመጣልኝ መልሱን አንዴ በደንብ አስቤ ልጻፈው አልኩ። አስቀድሜ ግን የጥያቄውን ጉድለት ልናገር። «ስንት ዓመት?» የሚለው ለሰው ይሠራል፣ ለበሬም በከፊል ይሠራል፤ ለሞተር ግን ባዶ ቁጥር ነው።

ዓመት የማን መለኪያ ነው?

ትራክተር ላይ ወጥታችሁ የምታውቁ ከሆነ ከመሪው ፊት ለፊት ቁጥር የሚያሳይ ትንሽ መስኮት አይታችኋል። የሚቆጥረው ሞተሩ የሠራበትን ሰዓት ነው። የአሜሪካ የግብርና መሐንዲሶች ማኅበር በኋላ ጎማው ብቻ ለሚጎትት ትራክተር 12,000 ሰዓት፣ በአራቱም ጎማ ለሚጎትት 16,000 ሰዓት፣ ለኮምባይነር ደግሞ 3,000 ሰዓት ዕድሜ ይገምታል። የመጀመሪያው ትራክተር ባለቤቱ ማሳ ላይ ብቻ በዓመት 500 ሰዓት ቢሠራ 24 ዓመት ይቆያል። ለኪራይ ወጥቶ በዓመት 1,500 ሰዓት ቢሠራ በ8 ዓመቱ ያልቃል። ብረቱ ያው ብረት ነው።

ሰዓት እንኳ የማይበቃው ማሽን አለ። እ.ኤ.አ. በ1988 ሐዋይ ላይ አንድ የአሎሃ አየር መንገድ ቦይንግ 737 እየበረረ ሳለ የጣሪያው ትልቅ ክፍል ተገንጥሎ ሄደ። አውሮፕላኑ 19 ዓመቱ ነበር፤ በዓመት ሲታይ ብዙም ያረጀ አይባልም። ነገር ግን ሥራው በትንንሽ ደሴቶች መካከል መመላለስ ስለነበር ከ89 ሺህ ጊዜ በላይ ተነሥቶ አርፏል። በተነሣ ቁጥር አካሉ በውስጥ አየር ይነፋል፣ ባረፈ ቁጥር ይሟሽሻል። ሽቦ እያጠፉ ሲያቃኑት በስንተኛው እንደሚቆረጥ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ባጃጅም የአውሮፕላን ዘመድ ነው። በየመቶ ሜትሩ ቆሞ ሰው ሲያወርድና ሲያወጣ የሚውል ባጃጅ ፍሪሲዮኑ የሚያልቀው ከከተማ ከተማ በሚሄደው ፍጥነት አይደለም።

እንስሳም በቆጠራ ነው የሚኖረው ያሉ ነበሩ። የአይጥ ልብ በደቂቃ 600 ጊዜ ገደማ ይመታል፣ አይጥም ሁለት ሦስት ዓመት ትኖራለች። የዝሆን ልብ በደቂቃ 30 ጊዜ ገደማ ይመታል፣ ዝሆንም 60 እና 70 ዓመት ይኖራል። አባዙት፤ ሁለቱም ወደ አንድ ቢሊዮን ምት ይጠጋሉ። ደስ የሚል ሒሳብ ነው፤ ግን ያፈሳል። ሰው ሁለት ቢሊዮንን አልፎ ይሄዳል። ከሁሉ የሚገርመው ግን በእኛው ምሥራቅ ቆላ፣ በሶማሊያና በኬንያ መሬት ውስጥ ዋሻ እየቆፈረ የሚኖረው ፀጉር አልባ ፍልፈል ነው። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1842 ለሳይንስ ያስተዋወቀው ከኢትዮጵያ ወስዶ ነበር። መጠኑ የአይጥ ያህል ሆኖ ሳለ ከ30 ዓመት በላይ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ዕድሜው ሲገፋ የመሞት ዕድሉ እንደ ሌላው እንስሳ አይጨምርም። ገበያ ላይ የሚሸጥ ቢሆን ኖሮ ይህ ጽሑፍ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር፤ ግን አያርስም፣ አይጫንም።

ለገዢ የሚጠቅመው ልዩነት ይህ ነው። በሬ ሌሊት ተኝቶ ሲያመሰኳ ይጠገናል፤ የቆሰለ ትከሻው ይሽራል፣ የሳሳው ጡንቻ ይሞላል። ባጃጅ ሌሊት ሲቆም እንደቆመ ያድራል። በሌላ በኩል በሬ ሳይሠራ ቢከርምም ያረጃል፣ ይበላል። ቆሞ የከረመ ሞተር ሰዓቱ አይቆጥርበትም። ጎማው መሰንጠቁ፣ ባትሪው መድከሙ፣ ሽቦውን አይጥ መብላቱ ግን አይቀርም።

አማካዩ አይሸውዳችሁ

አንድ ሰው «የጥጃ አማካይ ዕድሜ 8 ዓመት ከመንፈቅ ነው» ቢላችሁ የ4 ዓመት በሬ ስትገዙ አራት ዓመት ተኩል ቀረው ማለት አይደለም። 10 ጥጆች ተወለዱ እንበል። ሦስቱ በመጀመሪያው ዓመት አጋማሽ ላይ ሞቱ፣ ሰባቱ 12 ዓመት ኖሩ። አማካዩ 8 ተኩል ገደማ ይመጣል። በ8 ተኩል ዓመቱ የሞተ ግን አንድም የለም። «ድሮ ሰው 40 ዓመት ነበር የሚኖረው» የሚባለውም እንዲሁ ነው። አማካዩን ያወረዱት ሕፃናቱ ናቸው፤ ከሕፃንነት ያለፈ ሰው ድሮም ቢሆን ሽማግሌ ይሆን ነበር።

እንግሊዛዊው ቤንጃሚን ጎምፐርትዝ እ.ኤ.አ. በ1825 የሕይወት መድን ሒሳብ ሲሠራ አንድ ነገር አስተዋለ፤ አዋቂ ሰው የመሞት ዕድሉ በየጊዜው እጥፍ እየሆነ ይሄዳል። ዛሬ ሲሰላ በየ8 ዓመቱ ገደማ ነው። የማሽን መሐንዲሶችም ተመሳሳይ ሥዕል አላቸው፤ ቅርጹ የመታጠቢያ ገንዳ ይመስላል። በግራ በኩል ከፍ ይላል፤ አዲስ ማሽን በመጀመሪያ ወራቱ የፋብሪካ ጉድለቱ ይወጣበታልና። መሐሉ ዝርግ ነው። በቀኝ በኩል ደግሞ ሁሉ ነገር ባንዴ ማለቅ ይጀምራል።

ዕቃም ሆነ ከብት የሚገዛው ከገንዳው ዝርግ ላይ ነው። ጥጃ አልገዛም፣ ያረጀም አልገዛም። አዲስ ማሽንም ዋስትናና ጥገና የሚሰጥ ሰው በቅርብ ከሌለ ለገጠር ቤተሰብ አልመክርም። አንድ ባለቤት ብቻ አንድ ሁለት ዓመት የነዳውና ጉድለቱ ወጥቶ የተስተካከለው ይሻላል።

በሬ

በሬ ከሦስት እስከ አራት ዓመቱ ቀንበር ይለምዳል፤ ከዚያ እስከ አሥር ዓመቱ ድረስ ሙሉ ጉልበቱን ይሰጣል፤ እስከ 12 የሚሄድም አለ። ስለዚህ የምትገዙት ስድስት ሰባት ዓመት ነው። ያ ጊዜ ግን ሁሉም ሥራ አይደለም። ዓመቱን ሙሉ የሚበላው በሬ ማሳ ላይ የሚውለው ሁለት ወር ያህል ቢሆን ነው። በዓመት 60 ቀን፣ በቀን 5 ሰዓት፣ ለ7 ዓመት ብላችሁ አስሉት፤ 2,100 ሰዓት ይመጣል። በቀን 10 ሰዓት፣ በዓመት 300 ቀን የሚሠራ ባጃጅ በአንድ ዓመት ውስጥ 3,000 ሰዓት ይጨርሳል። የበሬን ዕድሜ ሙሉ ሥራ ባጃጅ በዘጠነኛው ወር ያልፈዋል ማለት ነው።

ታዲያ በሬ ለምን ይገዛል? የሁለት ወሩ ሥራ ዓመቱን የሚያበላ ሥራ ስለሆነ ነው። አንድ ጥማድ በሬ በቀን የሚያርሰው መሬት ራሱ «ጥማድ» ተብሎ የመሬት መለኪያ ሆኗል፤ የሔክታር ሩብ ያህል። ጤፍ ሦስቴ፣ አራቴ፣ አንዳንዱ ጋ ከዚያም በላይ ይታረስለታል። መሬቱ ተዳፋት፣ ድንጋያማ፣ በትንንሽ የተቆራረጠ ከሆነ ትራክተር ሊገባበት አይችልም።

ዕድሜውን በቃል አትቀበሉ፤ አፉን ክፈቱ። በሬ የላይኛው የፊት ጥርስ የለውም፤ የሚታዩት ታች ያሉት ስምንቱ ናቸው። የጥጃ ጥርሱ ጥንድ በጥንድ እየወለቀ ትልልቁ ይተካል፤ የመጀመሪያው ጥንድ በሁለት ዓመት ገደማ፣ የመጨረሻው በአራት ዓመት ገደማና ከዚያ በላይ። ሁለት ትልልቅ ጥርስ ያለው ገና ወይፈን ነው፤ መግራት ይጠይቃል። ስምንቱም ሞልተው ጫፋቸው ገና ስለታም ከሆነ የምትፈልጉት እሱ ነው። ጥርሱ አጥሮ በመሐሉ ክፍተት ከታየ ሻጩ «ስድስት ዓመቱ ነው» ቢልም እናንተ እያያችሁ ያላችሁት የሥጋ ከብት ነው።

ዕድሜውን የሚያሳጥረው ከሥራው ይልቅ ወቅቱ ነው። እርሻ የሚበረታው ድርቆሽና ገለባ ባለቀበት፣ ሣሩ ገና ባልበቀለበት በግንቦትና ሰኔ ነው። ገንዘብ የምትልኩ ከሆነ ከበሬው ዋጋ ላይ የግንቦት መኖ ቀንሳችሁ አስቀምጡ። ለአባሰንጋና ለአባጎርባ ክትባት አለ፤ በየዓመቱ ማስከተብ ነው። ቤተሰቡ ያለው ገንዲ የሚባለው በዝንብ የሚተላለፍ የከብት በሽታ ባለበት ቆላ፣ ለምሳሌ በዓባይ ሸለቆ ከሆነ፣ የደጋ በሬ ገዝቶ ማውረድ ገንዘብን መጣል ነው። እዚያው የኖረ ከብት ፈልጉ።

ለሁለት በሬ ገንዘብ ካልሞላ ሁለት ያረጁ ከመግዛት አንድ ደህና መግዛት ይሻላል። አንድ በሬ ያለው ከሌላ አንድ በሬ ካለው ጋር መቀናጆ ይገባና በተራ ያርሳሉ። የበሬ ገበያ ሲወራ ብዙ የማይነሣ፣ ግን የብዙ ቤተሰብ እርሻ የቆመበት ነገር ነው።

አህያና በቅሎ

በደንብ የተያዘች አህያ 25 እና 30 ዓመት ትኖራለች፣ ከዚያም የምታልፍ አለች። የእኛ አገር አህያ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ግማሹን ሳታይ ትሞታለች። ኢትዮጵያ ከዓለም አገሮች ሁሉ ብዙ አህያ ያላት መሆኗን የሚያውቅ ብዙ ነው፤ ምን ያህሉን ዕድሜ ሳትጠቀምበት እንደምትቀብር ግን ብዙም አይወራም።

የሚያሳጥሩት ነገሮች ከባድ አይደሉም፤ ለዚያም ነው የሚያናድዱት። አንዱ የጀርባ ቁስል ነው። መደላድሉ ሲያልቅ ገመዱ ቆዳ ይነካል፣ አህያዋ ትገጠባለች፣ ገጣባ ሆና ሳለች እንደገና ትጫናለች። ሁለተኛው የሆድ ትል ነው፤ መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ሦስተኛው ከራሷ ክብደት ጋር የሚቀራረብ ኩንታል ሳትጠነክር ገና በሁለት ዓመቷ መጫን ነው። ሦስት ዓመት ተኩል እስኪሞላት መታገሥ ቢያንስ አምስት ዓመት ያተርፋል ብዬ አምናለሁ። ይህ የጥናት ቁጥር አይደለም፤ በሰፈራችን ካየኋቸው አህዮች ተነሥቼ የምለው ነው። ደብረ ዘይት ላይ ከእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤቱ ጋር የሚሠራው ዶንኪ ሳንክቹዋሪ የተባለ የእንግሊዝ የአህያ በጎ አድራጎት ድርጅት ለረጅም ጊዜ ሲያስተምር የኖረውም በአብዛኛው እነዚሁኑ ነው።

የፈረስና የአህያ ጥርስ ከበሬ የተለየ ነው። ከድዱ ውስጥ እንደ እርሳስ እየገፋ ይወጣል፣ እየበላ ያልቃል። ጥርሱ ተሠርቶ የመጣው ለተወሰነ ዓመት ብቻ ነው፤ ሲያልቅ እህልም ሣርም ማኘክ አይቻልም። ዝሆንም ስድስተኛውና የመጨረሻው የመንጋጋ ጥርሱ ሲያልቅ በረሃብ ይሞታል። የመለዋወጫ ማለቅ የማሽን ብቻ ችግር አይደለም።

ምርጫ ካላችሁ ሴት አህያ ግዙ። እርግዝናዋ ዓመት ገደማ ነው፤ ውርንጭላ ከወለደች የራሷን ምትክ ራሷ አመጣች ማለት ነው። የትኛውም ባጃጅ ባጃጅ አይወልድም። የዋጋ ነገርም አለ። በቆዳዋ ምክንያት አህያ በአፍሪካ ስትታደን ቆይታ፣ ቢሾፍቱ ላይ የነበረው ቄራ እ.ኤ.አ. በ2017 በተቃውሞ ተዘጋ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 አዲስ አበባ ላይ የተሰበሰቡት የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች የአህያ ቆዳ ንግድን ለ15 ዓመት አገዱ። ገንዘባችሁን በአህያ ላይ ለምታውሉ ሰዎች ይህ ጥሩ ዜና ነው፤ የአህያ ሌባ ገበያው ጠበበበት።

በቅሎ ከሁለቱም ወላጆቿ የምትበልጥባቸው ነገሮች አሏት። ብዙ ጊዜ 30 ዓመትን ታልፋለች፣ እግሯ ገደል ላይ አይስትም፣ በሽታ አትወድም። ፈረስ 64፣ አህያ 62 ክሮሞሶም ሲኖራቸው ለእሷ 63 ደርሷታል፤ በዚያ ምክንያት አትወልድም። አባትህ ማነው ቢሉት እናቴ ፈረስ ናት ያለውን በቅሎ አታሙት፤ የሚያወርሰው ልጅ ስለሌለ የሚቀረው በዘር መኩራት ብቻ ነው። በቅሎ የምትመከረው መኪና የማይገባበት ቀበሌ ላለ ሰው ነው። ዋጋዋ ውድ ነው፤ ግን በሥራ ዓመት ብታካፍሉት ከሁሉ ርካሽ ልትሆን ትችላለች።

ፈረስና ጋሪ

እዚህ ላይ አልቆይም። እንግሊዝ ውስጥ ኦልድ ቢሊ የሚባል ጀልባ ጎታች ፈረስ ከ1760 እስከ 1822 እ.ኤ.አ. 62 ዓመት ኖሯል፤ የከተማ ጋሪ ፈረስ ግን ከዚያ ሩቡን ካየ እድለኛ ነው። ኮቴው በአስፋልት ይደቃል፤ በመካከለኛ ደጋ ከተሞች በቁስል የሚተላለፈው የጋሪ ፈረሶች የቆዳና የእጢ በሽታ አንዴ ከያዘው ለማዳን አስቸጋሪ ነው። ብዙ ከተሞችም ጋሪን ከዋናው መንገድ እያስወጡት ነው። ጋሪውን ራሱን ግን አትናቁ፤ የመኪና ጎማና ኩሽኔታ ያለው ጋሪ ፈረሱ ቢቀር አህያዋ ትጎትተዋለች፤ ጀርባዋ ላይ ከሚጫን ይልቅ ብዙ ትወስዳለች፣ ገጣባም አትሆንም።

ባጃጅ

ወንድምየው የፈለገው ይህን ነው፤ አልፈርድበትም። በየቀኑ ብር ያመጣል፣ ወጣት ነው፣ በሬ ተከትሎ መዋል አይፈልግም።

በቀን 100 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በዓመት 30,000 ኪሎ ሜትር ነው። ባለ አንድ ሲሊንደር ትንሽ ሞተር ይህን ያህል ከተጓዘ በኋላ ፒስተኑና ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) መታየት ይገባዋል፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ሞተሩ ሳይወርድ አይቀርም። ይህ ብልሽት አይደለም፤ በበሬ ቋንቋ ጥርስ መቀየር ነው። ዋናው ጥያቄ ከዚያ በኋላ ነው። ዘይቱን በጊዜው የቀየረና ሞተሩን አንዴ አሳድሶ የቀጠለ ሰው ስምንት አሥር ዓመት ሊነዳው ይችላል፤ ዘይት የሚጨምረው ቀይ መብራት ሲበራ ብቻ የሆነ ሰው በሦስት ዓመት ይሸጠዋል። የሚገዛው እናንተ ናችሁ።

ያገለገለ ባጃጅ ስትገዙ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ሂዱ። ሻጩ ቀድሞ አስነሥቶት ካገኛችሁት በሌላ ቀን ተመለሱ። ከጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ዘይት እየነደደ ነው፤ ፋሻው አልቋል። ቆጣሪው የሚያሳየውን ኪሎ ሜትር ከመርገጫዎቹ መሸርሸር ጋር አስተያዩ። ቆጣሪው 20,000 እያለ የፍሬን መርገጫው ላስቲክ ያለቀ ከሆነ አንዱ ይዋሻል፣ ላስቲኩ ደግሞ መዋሸት አይችልም። ሊብሬው በሻጩ ስም ይሁን፣ ቦሎው የዘንድሮ ይሁን። ከታች አጎንብሳችሁ አካሉ ተበይዶ እንደሆነ እዩ፤ ሞተር ይቀየራል፣ የተሰነጠቀ አካል ግን ባለሙያ ቢበይደውም እድሜው ያጠረ ነው።

ባጃጅ በሬ የማያውቀው የአሟሟት ዓይነትም አለው፤ በደብዳቤ ይሞታል። በ2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ባጃጆች ለጊዜው ከሥራ ታግደው ነበር። ሞተሩ ደህና ሆኖ፣ ጎማው አዲስ ሆኖ፣ ባለቤቱ ዕዳ እየከፈለ ቆሞ የዋለ ብዙ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት በዚያ ከተማ የታርጋ ኮታ፣ የቀጣና መስመርና የማኅበር ጉዳይ ምን እንደሚመስል ወንድምየው ራሱ ከመንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ጠይቆ ይምጣ።

ስለ መለዋወጫ አንድ ነገር። ቮልስዋገን ድሮ የምናውቃትን ክብ መኪና መሥራት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ላይ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ግን ቮልስ ዛሬም ስትሄድ ታያላችሁ። አሠራሯ ቀላል ስለሆነ መካኒኩ ያውቃታል፣ የጎደላትን ቶርኖ ቤት ይሠራላታል። የማሽን ዕድሜ የሚያልቀው የሚጠግነው ሰው ሲያልቅ ነው። በወንድምየው ከተማ ብዙ ያለው የትኛው ዓይነት እንደሆነ ጋራዦቹን ጠይቁ፣ እሱኑ ግዙ። ብርቅ የሆነ ባጃጅ እንደ ብርቅ በሽታ ነው፤ ሐኪም አይገኝለትም።

በኤሌክትሪክ የሚሄደውስ?

ጥር 2016 ዓ.ም. ላይ መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ ይህን የማይጠይቅ የለም። የኤሌክትሪክ ሞተሩ ራሱ ብዙ የሚያልቅ ነገር የለውም፤ ካንዴላ የለ፣ ፋሻ የለ፣ የሞተር ዘይት የለ። ዕድሜው ባትሪው ነው። እሱ ደግሞ የሚቆጠረው በሙሊት ነው።

ባለ ሦስት እግር የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ሁለት ዓይነት ባትሪ ይዘው ይመጣሉ። የእርሳስና አሲድ ባትሪ እስከ ታች እየተሟጠጠ ከተሞላ 300 እስከ 500 ጊዜ ይሞላል፤ በየቀኑ ለሚሠራ ሰው ይህ ዓመት ወይም ዓመት ተኩል ነው። ሊቲየም ብረት ፎስፌት የሚባለው 2,000 ጊዜና ከዚያ በላይ ይሄዳል። የመጀመሪያው ሲገዛ ርካሽ ነው፣ ሲካፈል ውድ። ባትሪ እንደ ሞተር ድንገት አይሞትም፤ እንደ ሽማግሌ ጉልበቱ ይቀንሳል። አብዛኛው አምራች ዋስትና የሚሰጠው አቅሙ 70 በመቶ እስኪወርድ ነው። 100 ኪሎ ሜትር ይሄድ የነበረው 70 ሲሄድ የጠዋቱን ሥራ ሠርቶ ከሰዓቱን ይቆማል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ደግሞ ሌሊት ሳይሞላ ያደረ ባትሪ የቀን ገቢ ማጣት ነው። ሻጩን የባትሪውን ዓይነት ጠይቁ፤ «ጥሩ ባትሪ ነው» ካላችሁ እርሳስ ነው ብላችሁ ቁጠሩት።

ትራክተር

ለአንድ ቤተሰብ አትግዙ። የአንድ ሔክታር ባለቤት በዓመት የሚያስፈልገው የትራክተር ሰዓት በጣት የሚቆጠር ነው፤ 12,000 ሰዓት የተሠራለትን ነገር ለዚያ መግዛት ለአንድ ስኒ ጀበና ሙሉ ቡና ማፍላት ነው። ተከራዩ። በአርሲና በባሌ ስንዴ የሚያመርተው ገበሬ ኮምባይነር የሚያሳጭደው በኪራይ ነው፣ አልተሳሳተም። ባለ ሁለት እግር የእጅ ትራክተር ግን ሜዳ መሬት ላላቸው ለአራት አምስት ጎረቤቶች በጋራ ሊያዋጣ ይችላል፤ ማን ዘይት ይቀይራል የሚለውን አስቀድመው በወረቀት ከተፈራረሙ።

ሲያረጁ ምን ይቀራል?

ብዙ ሰው የሚረሳው ሒሳብ ይህ ነው። የመግዣውን ዋጋ በሥራ ቀን ከማካፈላችሁ በፊት የመጨረሻውን ዋጋ ቀንሱ።

በሬ በአሥር ዓመቱ ከቀንበር ወጥቶ ሁለት ሦስት ወር ቢቀለብ ለፋሲካ ወይም ለመስቀል በሥጋ ዋጋ ይሸጣል። ከተገዛበት በላይ ሊያወጣ ይችላል። ሰባት ዓመት አርሶ ገንዘባችሁን የሚመልስ ሌላ ሠራተኛ አላውቅም። የማረጃው ቀን ግን በእናንተ እጅ ነው፤ «ዘንድሮ ብቻ ይረስ» ብላችሁ ከ12 ካሳለፋችሁት ሥጋውም ዋጋ ያጣል።

አህያ ግን «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ብላ ትሄዳለች። ሥጋዋ ለጅብ ነው፤ ያላት ቅርስ ውርንጭሎቿ ናቸው። ባጃጅ በመጨረሻው ለመለዋወጫ ይበተናል፤ ከዋጋው ጥቂቱ ይመለሳል። የእርሳስ ባትሪ ግን ያረጀም ቢሆን እርሳሱ ይሸጣል። ስለዚህ የሞተ ባትሪ ጓሮ ውስጥ አትተዉ፤ ልጆች ይጎዳሉ፣ ገንዘብም ነው።

ለአክስቴ ልጅ ያልኳት

መልሼ ደወልኩላትና በመጀመሪያ የወንድሟን ነገር ጠየቅኋት። ዘይት በጊዜው ይቀይራል? ሳቀች። «ጋሼ፣ የሞባይሉን መስታወት ከሰበረው ሁለት ዓመቱ፣ እስካሁን አላስቀየረውም» አለች። መሬቱ ተዳፋት ነው፣ አንድ ሔክታር አይሞላም፣ ውሃው ከቤት ሩቅ ነው፤ ጎረቤቱ ደግሞ ነጠላ በሬ አለው።

ስለዚህ ስምንት ጥርሱ የሞላ አንድ በሬ ይገዛና ከጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ይገባ፣ አራት ዓመት የሞላት ሴት አህያና ባለጎማ ጋሪ ይጨመር አልኳት። የሚተርፈው ገንዘብ ለግንቦት መኖና ለክትባት ይቀመጥ። ባጃጁን ከፈለገ መጀመሪያ የሰው ባጃጅ በቀን ገቢ እየነዳ ስድስት ወር ይሥራ፤ በስድስት ወሩ ውስጥ ዘይት መቀየርን ካልተማረ በራሱ ገንዘብ ይማር። እማዬ ደስ ብሏታል ተብያለሁ፤ ወንድምየው ግን ስልክ አላነሣልኝም።

ገበያው ቅዳሜ ነው። ጥርስ የሚያይ ሰው ይዞ እንዲሄድ በእማዬ በኩል ልኬበታለሁ።